ጦር የሌለው ዋና ጸሐፊ፦ በርማዊው ኡ ታንት እና የተመድ ወንበር ልክ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት (ተመድ) ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ የሥራ ዘመናቸው በ2026 መጨረሻ ያበቃል። የተተኪው ወሬ ከተጀመረ ሰነባብቷል። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ አርጀንቲናዊው ራፋኤል ግሮሲ እና ኮስታሪካዊቷ ሬቤካ ግሪንስፓን ስማቸው ቀድሞ ከተነሳው መካከል ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬው በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ ዋና ጸሐፊውን የዓለም ፕሬዚዳንት ያደርጋቸዋል። «ጋዛ ላይ፣ ሱዳን ላይ፣ ዩክሬን ላይ ለምን ጦርነቱን አላስቆሙም?» ይላል። ሌላው ተመድን «ጥርስ የሌለው አንበሳ» ብሎ ይጨርሰዋል። ማንም ቢመረጥ ለውጥ የለውም ባይ ነው።

ሁለቱም የወንበሩን ጠባይ ስተውታል። ወንበሩ የሚችለውንና የማይችለውን አጥርቶ ለማየት ከጉተሬዝ ይልቅ ሦስተኛውን ዋና ጸሐፊ፣ በርማዊውን ኡ ታንትን ማየት ይሻላል። ከ1961 እስከ 1971 በወንበሩ ላይ ነበሩ። በእሳቸው ጊዜ ዓለም ከኑክሌር ጦርነት ለጥቂት ተርፋለች። በእሳቸው ጊዜ ደግሞ በሲና በረሃ የነበረው ሰላም አስከባሪ ጦር እንዲወጣ ተደርጎ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የእስራኤልና የዓረብ አገራት የስድስቱ ቀን ጦርነት ፈንድቷል። ያው ሰው፣ ያው ወንበር፣ ያው ሕግ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

## ወረቀት ላይ ያለው ሥልጣን

ቻርተር የሚባለው የተመድ መመሥረቻ ሰነድ ስለ ዋና ጸሐፊው የሚለው ጥቂት ነው። አንቀጽ 97 የድርጅቱ ዋና የአስተዳደር ኃላፊ ይላቸዋል። የሚሾማቸው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ አቅራቢው ግን የጸጥታው ምክር ቤት ነው። በምክር ቤቱ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ብሪታኒያና ፈረንሳይ ቬቶ አላቸው። ቬቶ ማለት የአንዷ «እምቢ» የሌሎቹን ሁሉ «እሺ» የሚሽርበት መብት ነው። ከአምስቱ አንዷ አምርራ የጠላችው ሰው አያልፍም። በ1996 ግብጻዊው ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ለሁለተኛ ዘመን ከ15ቱ አባላት የ14ቱን ድጋፍ አግኝተው ነበር። አሜሪካ ብቻዋን ጣለቻቸው።

ፖለቲካዊ ጉልበት የሚሰጠው አንቀጽ 99 ነው። ዋና ጸሐፊው ዓለም አቀፍ ሰላምን ያሰጋል ያሉትን ጉዳይ ለምክር ቤቱ ማቅረብ ይችላሉ። ማቅረብ ነው እንጂ ማስወሰን አይደለም። ጉተሬዝ በዲሴምበር 2023 በጋዛ ጉዳይ ይህን አንቀጽ ጠቀሱ። ከሁለት ቀን በኋላ ተኩስ አቁም የሚጠይቀው ረቂቅ በአሜሪካ ቬቶ ወደቀ።

ዋና ጸሐፊው የራሳቸው ጦር የላቸውም። ሰማያዊ መለዮ የሚያደርጉት ወታደሮች የአባል አገራት ናቸው። ገንዘቡም የአባል አገራት ነው። የሚቀራቸው አንድ ነገር ነው፦ ተፋላሚዎች ሳይዋረዱ «እሺ» ሊሉት የሚችሉት ሰው መሆን። ይህ ደግሞ የሚሠራው ተፋላሚዎቹ «እሺ» ማለት ሲፈልጉ ብቻ ነው።

## ከፓንታናው እስከ ኒውዮርክ

ኡ ታንት በ1909 በኢራዋዲ ወንዝ ደልታ፣ ፓንታናው በምትባል ከተማ ተወለዱ። አገራቸው የዛሬዋ ማያንማር ናት። «ኡ» እንደ እኛ «አቶ» የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ስማቸው ታንት ብቻ ነው። አባታቸው የተደላደለ ኑሮ ነበራቸው። ኡ ታንት ገና በ14 ዓመታቸው አባታቸው ሞቱ፤ በውርስ ክርክር የተነሳ ቤተሰቡ ተቸገረ። ዋና ከተማዋ ራንጉን ገብተው የጀመሩትን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ዲግሪ ሳይይዙበት፣ በመምህርነት ምስክር ወረቀት ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ። በ25 ዓመታቸው ርዕሰ መምህር ነበሩ።

ከዚያ ያወጣቸው ወዳጅነት ነው። በዩኒቨርሲቲ የተዋወቋቸው ኡ ኑ፣ በርማ በ1948 ነፃ ስትወጣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ወዳጃቸውን ወደ ራንጉን ጠሩ። ኡ ታንት መጀመሪያ በሬዲዮና በማስታወቂያ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሠሩ። በ1955 የእስያና የአፍሪካ አገራት ባንዱንግ ላይ ሲሰበሰቡ የጉባኤው ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ። በ1957 የበርማ አምባሳደር ሆነው ኒውዮርክ ገቡ። የወዳጅነቱ ዋጋ በኋላ፣ በሞታቸው ጊዜ፣ ተመልሶ ይመጣል።

## ሁሉም ያልጠላው ሰው

በሴፕቴምበር 1961 ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐማርሾልድ ለኮንጎ ጉዳይ ሲጓዙ በዛሬዋ ዛምቢያ፣ በንዶላ ከተማ አቅራቢያ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ሞቱ። ወንበሩ የቀዝቃዛው ጦርነት መሃል ላይ ባዶውን ቀረ።

ሶቪየት ኅብረት በአንድ ሰው ፋንታ ሦስት ሰው ይቀመጥ ስትል ቆይታ ነበር፦ አንድ ከምዕራብ፣ አንድ ከምሥራቅ፣ አንድ ከገለልተኞቹ። ሐሳቡ «ትሮይካ» ይባል ነበር፤ ሦስት ፈረስ የሚጎትተው የሩሲያ ጋሪ ስም ነው። ሦስቱ ካልተስማሙ ምንም አይወሰንም። አዲስ ነፃ የወጡ አገራት አልወደዱትም፤ ደካማ ተመድ የሚጎዳው እነሱን ነውና። ሞስኮም ሐሳቡን እንደማታሳልፍ ገባት።

ስምምነቱ በኡ ታንት ላይ አረፈ። ፈረንሳይ ያን ያህል አልወደደቻቸውም፤ አልጄሪያ ነፃ ትውጣ የሚለውን የእስያና የአፍሪካ ኮሚቴ መርተዋል። ግን አልከለከለችም። ኖቬምበር 3 ቀን 1961 በተጠባባቂነት ተሾሙ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሙሉ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ከአውሮፓ ውጭ ከመጣ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። እንዲህ የሚመረጥ ሰው ብዙ ጊዜ «ማንንም የማያስከፋ» ተብሎ ይናቃል። ኡ ታንት ግን አለማዳላት ማለት ዝም ማለት አይደለም ባይ ነበሩ፤ አቋም የሚያሻው የሞራል ጉዳይ ሲመጣ ዋና ጸሐፊው ገለልተኛ መሆን እንደማይችሉ በግልጽ ይናገሩ ነበር።

## ኩባ፦ ገላጋይ ሲፈለግ

በኦክቶበር 1962 አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ የኑክሌር ሚሳይል እየተከለች መሆኑን ደረሰችበት። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ደሴቲቱን በባሕር ኃይል አስከበቡ። ከበባ በዓለም አቀፍ ሕግ የጦርነት ድርጊት ስለሆነ «ኳራንታይን» የሚል ስም ሰጡት።

ኦክቶበር 24 ኡ ታንት ለኬኔዲም ለሶቪየቱ መሪ ለክሩሽቼቭም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ላኩ። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሶቪየት መሣሪያ መላኳን ታቁም፣ አሜሪካም ከበባውን ታቁም፣ በመሃሉ ንግግር ይደረግ የሚል ነው። ዋሽንግተን ደብዳቤውን አልወደደችውም። የተተከሉት ሚሳይሎች ይነሱ አይልም። ሚሳይል የተከለውንና የከበበውን እኩል ያያል። ትችቱ ውሃ የሚቋጥር ነበር።

ያን ዕለት ማታ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ኬኔዲ የሶቪየት መርከቦች ከከበባው መስመር እንዲርቁ ይፈልጋሉ። ራሳቸው ቢጠይቁ ጥያቄው ትእዛዝ ይመስላል፤ ክሩሽቼቭም እምቢ ከማለት ውጭ ምርጫ አይኖራቸውም። ስለዚህ በተመድ አምባሳደራቸው በአድላይ ስቲቨንሰን በኩል ኡ ታንት ዘንድ ላኩ፦ ሁለተኛ መልእክት ይጻፉ፣ መርከቦቹ እንዲርቁ የሚጠይቀው ሰው እርስዎ ይሁኑ። ኡ ታንት በማግስቱ ጻፉ። ክሩሽቼቭን መርከቦቹን እንዲያርቁ፣ ኬኔዲን ደግሞ በባሕር ላይ ፊት ለፊት ከመጋጨት እንዲቆጠቡ ጠየቁ። ሁለቱም ተስማሙ።

እዚህ ላይ የወንበሩ ሥራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰፈር ውስጥ «ያዙኝ ልቀቁኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው መያዙን ነው። የሚይዘው ካጣ መደባደብ ሊኖርበት ነው። ክሩሽቼቭ ለኬኔዲ ቢያፈገፍጉ ሽንፈት ነው። ለተመድ ዋና ጸሐፊ ልመና እሺ ቢሉ ጨዋነት ነው።

ይህን ግን ማጋነን አይገባም። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስታውሱት፣ ብዙዎቹ የሶቪየት መርከቦች ከኡ ታንት ደብዳቤ በፊት እንዲመለሱ ታዘው ነበር። ነገሩን የቋጨውም ኦክቶበር 27 ማታ የፕሬዚዳንቱ ወንድም ሮበርት ኬኔዲ ከሶቪየቱ አምባሳደር ዶብሪኒን ጋር የተስማሙበት ምሥጢር ነው፤ አሜሪካ ቱርክ ውስጥ ያሏትን ሚሳይሎች በኋላ ልታነሳ ቃል ገባች። ሌሎች ደግሞ ይህን ተቀብለው፣ የኡ ታንት መልእክቶች ግጭቱ በባሕር ላይ እንዳይጀመር ቀናት ገዙ ይላሉ። ለሁለተኛው ወገን የሚያደላ አንድ ነገር ብዙ ቆይቶ ተሰምቷል። የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲን ራስክ በ1987 እንዳስታወቁት፣ ምሥጢሩ ስምምነት ባይሳካ ሌላ መንገድ ተዘጋጅቶ ነበር። የቱርክና የኩባ ሚሳይሎች አብረው ይነሱ የሚል ጥሪ ኡ ታንት እንዲያቀርቡ ይደረጋል፣ ኬኔዲም የተመድን ጥሪ ተቀበልኩ ይላሉ። ማለትም የመጨረሻው መውጫ እንዲሆን የታሰበው ያው የዋና ጸሐፊው ወንበር ነበር።

ኡ ታንት በወሩ መጨረሻ ሃቫና ሄደው የኩባውን መሪ ካስትሮን አነጋገሩ። ካስትሮ በአገራቸው ምድር ላይ ፍተሻ አይደረግም ብለው ድርቅ አሉ። ሁለቱ ኃያላን ያለ እሳቸው መስማማታቸው አንገብግቧቸው ነበር። የተገኘው ነገር ተመትቶ የወደቀው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን አብራሪ አስከሬን እንዲመለስ መፈቀዱ ነው። በጃንዋሪ 1963 ዋሽንግተንና ሞስኮ በአንድ የጋራ ደብዳቤ ዋና ጸሐፊውን አመሰገኑ።

## ኮንጎ እና የኢትዮጵያ ጄኔራል

ከሐማርሾልድ የወረሱት ትልቁ ሸክም ኮንጎ ነበር። በማዕድን የበለጸገችው የአገሪቱ ክፍለ ሀገር ካታንጋ ተገንጥላለች፤ በውጭ ቅጥረኛ ወታደሮችና በማዕድን ኩባንያ ገንዘብ ትደገፋለች። እዚህ የምናየው ሌላ ኡ ታንት ነው። ንግግሩ ሲንዛዛ የተመድ ጦር በዲሴምበር 1962 መጨረሻ ወደ ፊት ሄደ። በጃንዋሪ መገንጠሉ አበቃ።

ያን ጊዜ የመላው የተመድ ጦር አዛዥ ኢትዮጵያዊው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ፤ ቀደም ሲል ኮሪያ የዘመቱ መኮንን ናቸው። የኢትዮጵያ ወታደሮችም ከመጀመሪያዎቹ ዘማቾች መካከል ናቸው። (የሁለቱ ሰዎች መጨረሻ በአጋጣሚ ይቀራረባል። ጄኔራሉ ደርግ በኖቬምበር 23 ቀን 1974 ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። ኡ ታንት በሁለተኛው ቀን ኒውዮርክ ውስጥ በሳንባ ካንሰር ሞቱ።)

የኮንጎ ዘመቻ ሌላ መዘዝ አመጣ። ሶቪየት ኅብረትና ፈረንሳይ «ያላመንበትን ዘመቻ ሂሳብ አንከፍልም» አሉ። የሁለት ዓመት መዋጮ ያህል ውዝፍ ያለበት አገር በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ መስጠቱ እንደሚታገድ በቻርተሩ አንቀጽ 19 ተጽፏል። አንቀጹ ተግባራዊ ቢሆን ሶቪየት ጥላ ልትወጣ ትችላለች። ስለዚህ የ1964ቱ ጉባኤ ዋና ዋና ጉዳዮችን ድምፅ ሳይሰጥባቸው፣ በመግባባት ብቻ እየገፋ ከረመ። ዛሬ ስለ ተመድ የገንዘብ እጥረትና በ2025 ጉተሬዝ ስለጀመሩት ቁጠባ የሚሰማው ሁሉ አዲስ ሊመስል ይችላል። ሂሳብ ባለመክፈል ድርጅቱን ማነቅ ግን ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ስልት ነው።

## ቬትናም፦ አንደኛው ወገን ካልፈለገ

ኡ ታንት በ1964 አሜሪካና ሰሜን ቬትናም በምሥጢር እንዲነጋገሩ መንገድ ፈለጉ። ሃኖይ (የሰሜን ቬትናም መንግሥት) ፈቃደኛ መሆኗን በሶቪየት በኩል ሰሙ። ቦታው ራንጉን እንዲሆን አሰቡ። ከዋሽንግተን ግን ለወራት ተስፋ ያለው መልስ አልመጣም። አሜሪካ ከዚያ ይልቅ ቦምብ መጣል ጀመረች።

በፌብሩዋሪ 1965 ኡ ታንት ጋዜጠኞች ፊት ወጡ። የአሜሪካ ሕዝብ እውነቱን ቢያውቅ ተጨማሪ ደም መፍሰስ እንደማያስፈልግ ይስማማ ነበር አሉ። የፕሬዚዳንት ጆንሰን መንግሥት ተቆጣ። ደጋፊዎቻቸው ይህን ድፍረት ይሉታል። ተቺዎቻቸው ደግሞ ሸምጋይ አንዱን ወገን በአደባባይ ካሳጣ ሽምግልናው አበቃ ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሽምግልናው ግን ቀድሞውኑ ሞቶ ነበር። የኩባው ዓይነት ነገር እንዲሠራ ሁለቱም ወገኖች መውጫ መፈለግ ነበረባቸው። በ1965 ዋሽንግተን ገና በጦር አሸንፋለሁ ብላ ታምን ነበር።

## ሲና፦ ስማቸውን ያጎደፈው ውሳኔ

ከ1956ቱ የስዊዝ ጦርነት በኋላ በግብጽና በእስራኤል መካከል የተመድ ጦር ሰፍሮ ነበር። በ1967 ወደ 3,400 የሚጠጉ ወታደሮች ነበሩት። የቆመው ግን በግብጽ በኩል ብቻ ነው። እስራኤል በመሬቷ ላይ አልፈቀደችም። የጦሩ ሕጋዊ መሠረት የግብጽ ፈቃድ ነበር።

ሜይ 16 ማታ አንድ የግብጽ መኮንን ለጦሩ አዛዥ፣ ለሕንዳዊው ጄኔራል ኢንዳር ጂት ሪክዬ ደብዳቤ አደረሰ። ወታደሮችህን ከድንበሩ አንሳ ይላል። ሪክዬ ይህን የመወሰን ሥልጣን የለኝም ብለው ኒውዮርክን ጠየቁ። ኡ ታንት ለግብጽ የመለሱት ግማሽ ማንሳት የለም የሚል ነው፤ ወይ ሁሉም ይቆያል፣ ወይ ሁሉም ይወጣል። ግብጽ ሜይ 18 ሁሉም ይውጣ አለች። ኡ ታንት በዚያው ቀን ተስማሙ።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። የግብጹ ፕሬዚዳንት ናስር እስራኤል ወደ ቀይ ባሕር የምትወጣበትን የቲራንን ሰርጥ ለመርከቦቿ ዘጉ። ጁን 5 ጦርነት ፈነዳ። የእስራኤሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አባ ኢባን ተመድን ጭስ ሲታይ ከሚሰወር የእሳት አደጋ ብርጌድ ጋር አመሳሰሉት። የምዕራብ ጋዜጦችም ኡ ታንት ላይ ዘመቱ።

መከላከያቸው ቀላል አይደለም። የግብጽ ወታደሮች የተመድን ኬላዎች አልፈው መግባት ጀምረዋል። ለጦሩ ብዙ ሰው ካዋጡት አገራት ሕንድና ዩጎዝላቪያ የግብጽን ጥያቄ እናከብራለን ብለዋል። ጦሩ በእስራኤል በኩል ይስፈር ተብሎ ቢጠየቅ እስራኤል እምቢ አለች። ቀላል መሣሪያ የያዘ ጦር፣ ባለመሬቱ ውጣ ካለው፣ በምን ይቆያል?

የተቺዎቹ ክርክር በፍጥነቱ ላይ ነው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ካይሮ ሄደው ናስርን ማነጋገር ይችሉ ነበር። በአንቀጽ 99 ጉዳዩን ለጸጥታው ምክር ቤት ወርውረው ቀናት መግዛት ይችሉ ነበር። እዚህ ላይ ተቺዎቹ የበለጠ ያሳምናሉ። ሕጉ ጦሩን እንዲያስወጡ ያስገድዳል፤ በዚያው ቀን እንዲመልሱ ግን አያስገድድም። በኩባ ጊዜ ዋናው ብልሃታቸው ቀን መግዛት መሆኑን ስናስታውስ ጥያቄው ይጠነክራል።

ኡ ታንት በኋላ ያንኑ ብልሃት ሞከሩት። ካይሮ ደርሰው ለሁለት ሳምንት ያህል ሁሉም ባለበት እንዲቆም ጠየቁ። ናስር ተቀበሉ። እስራኤል ግን አልተቀበለችም። ሰርጡ ተዘግቶ ባለበት የሚቆም ነገር ለእሷ የናስርን ድል ማጽደቅ ነው። የኩባው ደብዳቤ በዚህኛው ቦታ ሲጻፍ ጊዜው የሚጠቅመው ለአንዱ ወገን ብቻ ሆነ።

## አገራቸው ያላከበራቸው

ኡ ታንት በ1971 መጨረሻ ሦስተኛ ዘመን አልፈልግም ብለው ወጡ። በዚያን ጊዜ በርማን የሚገዙት በ1962 ኡ ኑን በመፈንቅለ መንግሥት ያስወገዱት ጄኔራል ኔ ዊን ነበሩ። ኡ ኑ በ1969 ተመድ ግቢ ውስጥ ጋዜጠኛ ሰብስበው ኔ ዊንን አውግዘዋል። ኡ ታንት በወቅቱ ኒውዮርክ ውስጥ አልነበሩም። ጄኔራሉ ግን የኡ ታንት እጅ አለበት ብለው ጠረጠሩ፤ ቂምም ያዙ።

በ1974 አስከሬናቸው ራንጉን ሲደርስ የመንግሥት አቀባበል አልተደረገም። ዲሴምበር 5 ተማሪዎች ሳጥኑን ነጥቀው ወደ ዩኒቨርሲቲው ወሰዱት፤ ጦሩ በ1962 በድማሚት ባፈረሰው የተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ ቦታ ላይ መቃብር ሠሩላቸው። ዲሴምበር 11 ሌሊት ወታደሮች ግቢውን ሰብረው ገብተው አስከሬኑን ወሰዱ፤ ከሽዌዳጎን ፓጎዳ አጠገብ ቀበሩት። ከተማው በረብሻ ተናጠ፤ የጦር አዋጅ ታወጀ፤ ሰዎች ተገደሉ። ዛሬም የማያንማር የተመድ ወንበር ጠብ አላጣውም። የ2021ዱን መፈንቅለ መንግሥት የተቃወሙት አምባሳደር ክያው ሞ ቱን ወታደራዊው መንግሥት ሽሬያቸዋለሁ ቢልም ወንበራቸውን ይዘው ቆይተዋል። የውክልና ማረጋገጫ ኮሚቴው ውሳኔውን በየዓመቱ ለሌላ ጊዜ ሲያራዝም ነበር።

## በ2026ቱ ምርጫ ምን ይታይ?

የዕጩዎች ንግግር በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ሴት ዋና ጸሐፊ ኖራ አታውቅም፤ የላቲን አሜሪካ አገራትም ተራው የእኛ ነው ይላሉ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የሚወስነው ግን ሌላ ቦታ ነው።

የጸጥታው ምክር ቤት በዝግ የሙከራ ድምፅ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ዕጩ «ይበረታታ»፣ «አይበረታታ» ወይም «አስተያየት የለኝም» ይባላል። መጀመሪያ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው። በኋላ የአምስቱ ባለ ቬቶዎች ወረቀት በቀለም ይለያል፤ «አይበረታታ» ያለው ባለ ቬቶ ይሁን ሌላ ያኔ ይታወቃል። በኦክቶበር 2016 ጉተሬዝ በዚህ ዙር 13 ድጋፍ፣ ዜሮ ተቃውሞና ሁለት «አስተያየት የለኝም» አገኙ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ዘንድሮም ባለ ቀለሙ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ «እገሌ እየመራ ነው» የሚለውን ዜና በጥርጣሬ ማንበብ ይሻላል።

ከተመረጡ በኋላስ? አዲሱ ወይም አዲሷ ዋና ጸሐፊ በመጀመሪያው ዓመት ከዋሽንግተን፣ ከሞስኮና ከቤጂንግ ጋር ምን ያህል ተቀራርበው መነጋገር እንደሚችሉ ነው መታየት ያለበት። ጉተሬዝ በ2024 እስራኤል ወደ አገሯ እንዳይገቡ ከልክላቸዋለች፤ ኬቭና ሞስኮም በየተራ ወቅሰዋቸዋል። ኬኔዲ ያን ማታ ኡ ታንትን የፈለጉት ክሩሽቼቭም እንደሚሰሟቸው ስላመኑ ነው። ይህን ዓይነት ሰው የሚፈልጉ መሪዎች በአሁኑ ጊዜ መኖራቸውን የምርጫው ውጤት አይነግረንም። የሚነግረን ከምርጫው በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ቀውስ ነው።